ከፍሎ የገባ ሌባ

ሰኞ፣ ግንቦት 2

ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለክቶ ሲያበቃ «የሚያናድድህን ነገር ወይ ተናገረው ወይ ጻፈው፤ ውጠኸው ግን አትደር» አለኝ። መናገር ከሥራዬ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ይሄን ደብተር ገዛሁ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። በር ላይ የሚቆመው ሳይሆን የኮምፒውተር ጌም ጥበቃ። መሥሪያ ቤታችን አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ያለችው ፎቅ ላይ ተቀምጠን ጌም እንሠራለን። ታች መሰርሰሪያው ሲጮህ ላይ እኛ ጥርሳችንን እንነክሳለን። ያለፈው ጌማችን በወጣ በሳምንቱ ተሰረቀ። ሥራ አስኪያጁ እንደሚለው አንድ ሰው ሲገዛ ሰባት ሰው ይሰርቃል። ሰባት የሚለውን ከየት እንዳመጣው ጠይቄው አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ ግን እኔም እጠቅሰዋለሁ።

አዲሱ ጌም የባቡር ነው። ተጫዋቹ ባቡር ይነዳል፣ በየጣቢያው ይቆማል፣ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ሰዓት ያከብራል። በቃ። ሐዲዱን፣ ተራራውን፣ ድልድዩን የሠራችው አንዲት ልጅ ናት፤ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም «ሐዲድ» እያልን ነው የምንጠራት። እኔ የሠራሁት ከዚህ ሁሉ ፊት የሚቆመውን ነው። ወረቀት ላይ ስሙ ጋሻ ነው፤ የቢሮው ሰው ግን ዘበኛው ይለዋል። ዘበኛው በየሃያ ደቂቃው በኢንተርኔት ከሰርቨራችን ጋር እየተነጋገረ ያጣራል፤ ጌሙ ተገዝቷል ወይ? የገዛው ይሄው ሰው ነው ወይ? ኮምፒውተሩስ የበፊቱ ነው ወይ? አንዱ ከጎደለ ጨዋታው ይቆማል።

ሐዲድ ይሄን ስትሰማ «በየሃያ ደቂቃው? ለታመመ ሰው እንኳ መድኃኒት በየስምንት ሰዓቱ ነው» አለች። ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቅናት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ስለ አባቴ።

ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ አንደበቱ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን እምቢ አለ። ማንኪያ ይጥላል። የሸሚዙን ቁልፍ እህቴ ናት የምትቆልፍለት። እህቴ ታናሼ ናት፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ባደግንበት ቤት ከእሱ ጋር ትኖራለች። እኔ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ባለፈው እሁድ አልሄድኩም፤ ዘበኛው ሥራ ነበረው።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ነጂ ለመሆን ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑ ጣለው። አሁን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለእህቴ «አውራ ጣቱን የሚያሠራው ነገር ፈልጊለት። ኳስ መጭመቁ ሰልችቶታል። የጌም ጆይስቲክም ቢሆን ይሁን» አለቻት። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። የባቡር ጌም! ለእኔ አባት!

ለሠራተኛ በነጻ ይሰጣል። እኔ ግን በስሙ፣ በሙሉ ዋጋ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው የምገዛለት። ጥበቃ የሚሠራ ሰው ቤት ውስጥ እንከን መገኘት የለበትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12

ወጣ! ሥራ አስኪያጁ ኬክ አስመጣ። ከታች የጥርስ ሐኪሙ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣ፣ ኬኩን አየ፣ ፈገግ አለ።

ዘበኛው ሲጠራጠር ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «ሌባ» የሚል ቃል ይግባበት ብሎ ነበር። ያለዘብኩት እኔ ነኝ። «የዚህ ቅጂ ሕጋዊነት አልተረጋገጠም። ሐቀኛ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም።» ጨዋ አነጋገር ነው። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 13

የቅሬታ ደብዳቤ መቶ አርባ። አልከፈት አለኝ። መሀል ላይ ቆመብኝ። አውቶቡስ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ለደንበኞች ደብዳቤ የምትመልሰው ልጅ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ «ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ያብሩ በያቸው።» «ካበሩ በኋላስ?» «እንደገና ያጥፉ።» ስቸኩል ነው የተናገርኩት፤ እሷ ግን ጻፈችው። ለመቶ አርባውም ላከችው።

እሁድ፣ ግንቦት 15

አባቴ ነዳ!

ሁሉን ነገር እኔ አስተካከልኩለት፤ ኮምፒውተሩን፣ ጆይስቲኩን፣ ወንበሩን። እሱ ደግሞ ሸሚዝ ካልቀየርኩ አለ። «ሥራ ላይ በፒጃማ አይወጣም።» ከጣቢያ ሲነሣ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል፤ አንዱ ለተሳፋሪ፣ አንዱ ለሐዲዱ ነው አለኝ። ሲደርስ የጣቢያውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ሰሌዳው ሦስት ደቂቃ ይቁም ካለ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይቆማል። «የሚሮጥ ሰው ይኖራል» ይላል። አውራ ጣቱ ስትንቀሳቀስ እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔም አየሁ፤ ግን አስለቀሰኝ ብዬ አልጽፍም።

ድልድዩ መሀል ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ቆመ። ሕጋዊነትዎ በመረጋገጥ ላይ ነው። ዝናብ ስለነበር ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል።

«ከማን ጋር ነው የሚያረጋግጠው?» አለ አባቴ።

«ከእኛ ጋር።»

«አንተ እዚህ ነህ። እኔም እዚህ ነኝ። ሌላ ማን ቀረ?»

የመስመሩ ችግር ነው አልኩት። የመስመሩ ችግር ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ድልድዩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ «ተሳፋሪው ምን ይላል?» እያለ ይጨነቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ለካ ጌሙ በወጣ በአራተኛው ቀን ሌቦቹ ዘበኛውን አውጥተው ጥለውታል። ክራኩ፣ ማለትም ጥበቃው የተሰበረበት ቅጂ፣ በየቦታው ነው። ይባስ ብሎ፣ የእኛ ኦሪጅናል በሰባ ሰከንድ ሲከፈት የእነሱ በአሥራ አንድ ሰከንድ ይከፈታል ይባላል። ሥራ አስኪያጁ «ወሬ ነው» አለ። ከዚያ በየሃያው የነበረውን በየአሥር ደቂቃው አድርገው አለኝ። አደረግኩ።

አውቶቡስ ጥበቃ ላይ ሁለት ወጣቶች ከፊቴ ቆመው ነበር።

«ኦሪጅናሉን ገዛሁት» አለ አንዱ።

«ውይ! ምን በደልክ?» አለው ሌላው።

ዞር ብዬ አየኋቸው። በእኔ ጊዜ ሰው በስርቆት ያፍር ነበር። አሁን በመግዛት ነው የሚያፍረው። ይሄን ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው በየአምስት ደቂቃው አድርገው ይለኛል።

እሁድ፣ ግንቦት 22

ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

እህቴ የአባቴን ኮምፒውተር ብርሃን ወዳለበት ክፍል ስታዛውር አንድ የተበላሸ ዕቃውን አስቀይራለች። ዘበኛው ይሄ ሌላ ኮምፒውተር ነው አለ፤ ዘጋ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ የጣቢያ ስም በሚጠራበት ድምፅ።

«የዚህ ቅጂ ሕጋዊነት አልተረጋገጠም። ሐቀኛ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም።»

መነጽሩን አወለቀ። እህቴ መስኮት መወልወል ጀመረች።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«ኮሚቴ ነው» አልኩት።

ኮሚቴ የለም። ሁለት ቀን ብቻዬን ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 26

በምሳ ሰዓት የተጻፈ።

እህቴ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች። «አንተ የሠራኸውን አንተው ክፈተው እንጂ!» በአንድ ጣት መክፈት እችላለሁ፣ እውነት ነው። ግን ለአባቴ ከከፈትኩ ለማን እዘጋለሁ? በሥርዓቱ ይሂድ አልኩ፤ ቅጹ አለ። ደረሰኝ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ ከዚያ መታወቂያው ላይ ያለውን ፊርማ የሚመስል ፊርማ በነጭ ወረቀት ላይ።

አባቴ ሞላው። ሁለት ሰዓት ፈጀበት አለችኝ።

ዛሬ መልሱ መጣ፤ አሠራሩን የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ ለእኔም ይደርሰኛል። ተቀባይነት አላገኘም፤ ፊርማው አይመሳሰልም።

ደወልኩለት። «አባዬ፣ ፊርማው አይመሳሰልም ይላል።»

«መታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ቀኝ እጅ ነበረው» አለኝ። ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 1

እህቴ፦ ባለሙያዋ እጁ ወደኋላ ተመልሷል አለች። ማንኪያውን በግራ ይዟል። ጆይስቲኩን ፎጣ አልብሶታል።

ቀጣዩ የጌሙ ማሻሻያ እስኪወጣ አምስት ቀን አለኝ። ለአባቴ ዓይነቱ ሰው የፊርማውን ነገር ላላ አደርገዋለሁ። ከዚያ ሁሉም ይስተካከላል። ሥርዓት ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሰው አይጥልም።

እሁድ፣ ሰኔ 6

ማሻሻያው ሠርቷል! አባቴ ቤት ስደርስ ከደጅ ጡሩምባው ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ። የተራራው መስመር ላይ ነው! እሱ መስመር የሚከፈተው ብዙ ለተጫወተ ሰው ነው። በአውራ ጣቱ ፍሬኑን እንደ ቅቤ ነው የሚያለሰልሰው።

«መቼ ተከፈተላችሁ?» አልኳት እህቴን።

«በቃ ተከፈተ።»

«ከማሻሻያው በኋላ ነዋ?»

«ጋሼ፣ ውሃ ትጠጣለህ?»

ጌሙም በጣም ይፈጥናል። ቁልፉን ሲጫን ወዲያው ገባ። የእኔ ማሻሻያ እንዲህ ያፈጥነዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንዳንዴ ሰው የገዛ ሥራውን አያውቀውም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። «እቤቱ ተቀምጦ፣ እጁ ታሞ፣ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠበት ያለ አንድ አዛውንት ያለ ምንም ችግር ይጫወታል። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ሐዲድ ወደ እኔ ዞራ «ያለ ምንም ችግር?» አለች። «ያለ ምንም ችግር።» «ሰላም ይስጠው እንግዲህ» አለችና ወደ ስክሪኗ ተመለሰች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 15

አከፋፋዮቹ መጡ፤ ሦስት ከረባት። ሥራ አስኪያጁ ጌሙን ሊያሳያቸው ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሕጋዊነትዎ በመረጋገጥ ላይ ነው። ስለ አየሩ ተወራ። በመረጋገጥ ላይ ነው። ስለ መንገዱ መጨናነቅ ተወራ። በስድስተኛው ደቂቃ ሐዲድ ከኪሷ ፍላሽ አውጥታ ሰካች፤ ጌሙ ብቅ አለ። ከረባቶቹ ፍጥነቱን አደነቁ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ እያመለከተ «የጥበቃችን ጥራት ነው» አላቸው።

ፍላሹ ላይ ምን እንደነበረ አልጠየቅኳትም። ሰው የማያውቀውን ነገር አይመሰክርም።

ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤታችን ጠበቃ መጣ። የተሰበረው ቅጂ ዘበኛውን አውጥቶ ቢጥልም የባቡሩን የሰዓት ሰሌዳ ለማምጣት አሁንም ሰርቨራችንን ይጠይቃል። ስለዚህ ሌቦቹን ማየት እንችላለን። በጣም የሚጫወቱትን አሥር ሰዎች አውጣልኝ፣ አድራሻቸውን ከኢንተርኔት ድርጅቱ አስመጣለሁ፣ እንከሳቸዋለን አለ። በመጨረሻ ሥራዬን የሚረዳ ሰው!

ዓርብ፣ ሰኔ 18

አሥሩን ረቡዕ ዕለት ለይቼ ለጠበቃው ልኬለታለሁ። አንደኛው ሌባ ጉድ ነው። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ እስከ ምሳ አይነሣም፣ በሁለት ሳምንት ሁሉንም መስመር ጨርሶ እንደገና ጀምሯል። ሥራ የሌለው ሰው መሆን አለበት። ግን ሲነዳ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! አንድ ጣቢያ አይዘልም። ሦስት ደቂቃ ካለ ሦስት ደቂቃ ይቆማል። ሲነሣ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ። ለሐዲድ አሳየኋትና «እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ሰው የሰው ንብረት አያከብርም!» አልኳት። «ያሳዝናል» አለች፤ ማንን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 19

ቢሮ ነኝ። ጠበቃው የላከው ፖስታ ደርሷል። ከፈትኩት።

ተራ ቁጥር አንድ።

መንገዱ የእኛ ነው። የቤት ቁጥሩ የእኛ ነው። ያ ቁጥር በሩ ላይ በቀለም ሲጻፍ ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስህተት ይሆናል።

ስህተት አይደለም። ከረቡዕ ጀምሮ አባቴን ስሰድብ ከርሜያለሁ።

እሁድ፣ ሰኔ 20

ፖስታውን ይዤ ሄድኩ። እህቴ በር ከፍታ ፊቴን ስታይ ገባት።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች፣ ሳልጠይቃት። «ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ በፍላሽ ሰጠችኝ። ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ስርቆት ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ አንተ ቅጽ ስታስሞላው እጁ እየደረቀ ነበር። እጅ ቅጽ አይጠብቅም።»

ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። «እሷን ተዋት። አውቄ ነው የተቀበልኩት። ጣቢያ እስክገባ ደግሞ ጠብቀኝ፤ መንገድ ላይ ነኝ።»

ቆሜ ጠበቅኩት። የሚያሳፍረው ይሄ ነው፤ ልወቅሰው ሄጄ ባቡር ጠበቅኩ። ጣቢያው ገባ፣ ስሙን ጠራ፣ ጆይስቲኩን አስቀመጠና ፖስታውን ተቀብሎ አነበበ።

«አንደኛ ወጥቻለሁ» አለ።

«አባዬ፣ ቀልድ አይደለም። አንተ? ሰው ያለ ትኬት ገባ ብለህ ስንት ጊዜ ከሰው ጋር ተጣልተሃል?»

«ትኬትማ አለኝ። አንተ ነህ በስሜ የገዛህልኝ፤ ደረሰኙ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው። በሩን ስትዘጉብኝ በመስኮት ገባሁ እንጂ ያለ ትኬት አልገባሁም።»

መሳቢያውን ሳብኩት፤ ደረሰኙ አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት አይቻለሁ። አንዴ አያለሁ፣ እበሳለሁ፣ መልካም ጉዞ እላለሁ። የተኛ ሰው በየአሥር ደቂቃው ቀስቅሼ አንተ አንተ ነህ ወይ ብዬ አላውቅም።»

«ያለ ትኬት የሚገቡትስ?»

«ነበሩ። ጣሪያ ላይ፣ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ወንበር ሥር። መቼም አይጠፉም። የያዝኩትን ያዝኩ፣ ያመለጠኝ አመለጠኝ። እነሱን ልይዝ ብዬ ግን የከፈለውን ሰው ድልድይ ላይ አላወረድኩም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል አልሰማህም? አይጦቹ በአሥራ አንድ ሰከንድ ይገባሉ። ዳዋው እኔ ነኝ።»

እህቴ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባች።

«ኮሚቴው ደኅና ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ኮሚቴ የለም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ልጅ ሆነህም ጥፋትህን አሳምረህ ነበር የምታወራው።»

ስሙን ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ነው የተቆጣው፤ ከበሽታው ወዲህ እንዲህ ሲቆጣ አላየሁትም። «አትሰርዝ! እኔን ስትሰርዝ ዘጠኝ ሰው ይቀራል። እነሱ አባት የላቸውም?»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 22

ደብዳቤ መላሿን ዘጠኙን ስሞች ከገዢዎቹ መዝገብ ጋር አመሳክሪልኝ አልኳት። «ምን ፈልገህ ነው?» አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄያት አላውቅም።

ከአባቴ ጋር ሰባቱ የገዙ ናቸው። ከአሥሩ ሰባቱ። ሥራ አስኪያጁ የሚወደው ቁጥር በሌላ በኩል ዞሮ መጣ። ሰባቱም መጀመሪያ ጽፈውልናል፤ ደብዳቤዎቹን አንድም ሳትጥል በክላሰር አስቀምጣቸዋለች። ምሳዬን ትቼ አነበብኳቸው። አንዱ የጭነት መርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ባሕር ላይ ኢንተርኔት የለም፣ ዕረፍቴ እሱ ብቻ ነው ይላል። አንዷ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ አራት ጊዜ ጽፋለች፣ ደብዳቤዎቿን አንደኛ ሁለተኛ እያለች ቁጥር ሰጥታቸዋለች። በአራተኛው «ኮምፒውተሬን በታዘዝኩት መሠረት አጥፍቼ አብርቻለሁ። አሁን ምን ላጥፋ?» ይላል።

መልሱን ከሥሩ አየሁት። ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ያብሩ።

የእኔ ቃል ነው። ስቸኩል የተናገርኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 24

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«የተራ ቁጥር አንድ አድራሻ የአባቴ ቤት ነው።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ማን ያውቃል?»

«እርስዎና እኔ።»

«እንግዲያው አንደኛ የሚባል የለም። ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል። ደግሞ አይዞህ፤ በማንም ቤት ይደርሳል።»

እንዲህ ቀላል ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ክላሰሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ከአሥሩ ሰባቱ ከፍለው የገዙ ናቸው።»

«ከገዙ ለምን ይሰርቃሉ?»

«የገዙት አልከፈት ስላላቸው።»

ትንሽ አሰበ። «ይሄ ምስጋና ቢስነት ነው» አለ።

ከዚያ የጠበቃውን ወረቀት አቀረበልኝ፤ በባለሙያነት የምፈርምበት፣ ዘጠኙ ሰዎች ሌቦች መሆናቸውን የማረጋግጥበት። እስክሪብቶም ሰጠኝ። ለደም ግፊቴ ጥሩ ቀን አልነበረም።

«አልፈርምም።»

«አስበህበታል?»

«አላሰብኩበትም። ካሰብኩበት እፈርማለሁ።»

ሰኞ፣ ሰኔ 28

ከጥበቃ ተነሥቻለሁ። ደብዳቤ መላሿ አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ፤ መስኮት የለውም፣ የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ከሥሬ ነው። «እንኳን ደኅና መጣህ» አለችኝ፤ ቀልዷ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ጠበቃው ያለ ባለሙያ ፊርማ ፍርድ ቤት አልቆምም ብሏል።

ስድቡን አሁን እኔ ነኝ የማነበው። አብዛኛው ልክ ነው። አንዱ ብቻ እናቴን ነክቷል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6

አከፋፋዮቹ ገዢ የመለሰውን ቅጂ በካርቶን በካርቶን መልሰው አመጡ። ካርቶኑ ደረጃው ላይ ተደርድሮ የጥርስ ሕመምተኞቹ እየተራመዱበት ነው የሚያልፉት። ሥራ አስኪያጁ ለሁለት ሰዓት በሩን ዘጋ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

«ሐሳብ መጣልኝ» አለ። «ዘበኛውን እናወጣዋለን!»

ሐዲድ ወንበሯን ያዘች።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው ወጣ። «አዲስ! ለውድ ደንበኞቻችን ስጦታ! አሁን ያለ ኢንተርኔት፣ በአሥራ አንድ ሰከንድ!» ዘበኛውን የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ የት የት እንደተቀበረ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ። ስምንት ወር የሠራሁትን በአርባ ደቂቃ ነቀልኩት። ሌሎቹ ክራኩን የሠሩት በአራት ቀን ስለነበር በፍጥነት አሸነፍኳቸው።

አባቴ ኦሪጅናሉን ከፈተ። እህቴ ደውላ ነገረችኝ። ደግሞም ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ብቻውን ቆልፏል፤ አንድ ቁልፍ ስቶ፣ አንገቱ ጋ ተንጋዶ። ላስተካክልልህ ስትለው እጇን መታት። በቀኙ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 9

ለሰባቱ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ደብዳቤ መላሿ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «እንደ ኮሚቴ ነው የምትጽፈው» አለችኝ። ቀደድኩት። ለአባቴ በአካል ነግሬዋለሁ። ለቀሩት ስድስት መደወል አለብኝ።

ከሒሳብ አስተማሪዋ ጀመርኩ። ስሜን፣ መሥሪያ ቤቴን ነገርኳት።

«መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አለች።

የገዛችበትን ቀን ነገርኳት። ያን ማንም ሰርቆ ሊያውቀው ይችላል አለች። የደረሰኙን ቁጥር ነገርኳት። መነጽሯን ፈልጋ እስክታመሳክር ጠበቅኩ። የመጨረሻው አኃዝ አልተሰማኝም፣ ድገመው አለች። ደገምኩ። የሥራ አስኪያጅህ ስም ማነው አለች። የቢሮው ቁጥር ስንት ነው፣ በዚያ ልደውልልህ፣ ስልኩን ዝጋ አለች። ዘጋሁ። ደወለች። መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ደወለች፤ እንደገና ከስሜ ጀመርን። ሩብ ሰዓት ሆነን። ደብዳቤ መላሿ ሥራዋን ትታ አገጯን በእጇ ይዛ ታየኛለች።

«እሺ፣ አመንኩህ» አለች አስተማሪዋ በመጨረሻ። «አሁን ምን ልትለኝ ነው የደወልከው?»

አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱን አላየሁትም።

«አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ልልዎት ነው።»

 መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁና አየሁት።

«ለዚህ ብቻ ነው?»

«ለዚህ ብቻ ነው።»

«አራት ጊዜ ጻፍኩ እኮ» አለች። ከዚያ «ሌላም እንደ እኔ ያደረጋችሁት ሰው አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ደውልላቸው እንጂ!»

አምስት ሰው ይቀረኛል። ለመርከቡ ወጥ ቤት ደወልኩለት፤ አያነሣም፣ ባሕር ላይ ይሆናል። ሰኞ እሞክረዋለሁ።